መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ሰርቨር

ፍኖተ ሰላም እናቴ ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ እንጀራ እየጋገረ መሆኑ በአምፖሉ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በአንድ መስመር ላይ ሦስት አራት ቤት ሲሰካው አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ቴሌቪዥኑ ይንቦገቦጋል፣ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብራቱ ጭራሽ ይሄድና ማታ ሲመለስ በርትቶ ይመጣል። ቀን ከሌት ሳይጠፋ እንዲሠራ የሚገዛ ኮምፒውተር እዚህ ቤት ከገባ የሚኖረው በዚህ ኮረንቲ ነው። ሻጩ ስለ ፍጥነት ሲነግራችሁ ይህን አምፖል አስቡ።

ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ባንክ ቤት ውስጥ በብርድ ክፍል ተቆልፎ የሚጮኸው ቁም ሳጥን ነው። ነገሩ ግን ሌሎች መሣሪያዎች የሚጠይቁትን ሁልጊዜ ነቅቶ የሚያቀርብ ኮምፒውተር ማለት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ጥግ ይቀመጣል፤ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስክሪንም ኪቦርድም አይፈልግም፤ የቤቱ ስልክና ላፕቶፕ በዋይፋይ ይደርሱበታል። የሠርጉን ቪዲዮ፣ የልጆቹን መማሪያ መጻሕፍት፣ የሱቁን ሒሳብ፣ የአባትን የድምፅ ቅጂ ይይዛል። ራውተሩ ከኢንተርኔት ጋር ባይገናኝም እንኳ በቤቱ ውስጥ ይህ ሁሉ ይሠራል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ፣ ተማሪው ሊያነበው የሚፈልገው ነገር ሁሉ ደጅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ግን ዊኪፔዲያን ሙሉውን በአንድ ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነፎቶው 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ ብቻ ስለሆነ ተራ ፍላሽ ላይ ይገባል። ኮሊብሪ የሚባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ በዚያው መንገድ ያቀርባል። አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ አውርዶ ማምጣት ይበቃል።

ፕላዝማን የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተሠራጨ በየክፍሉ በተሰቀለ ስክሪን ይታይ ነበር። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ፤ ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም። መምህሩም ያለፈውን ማስመለሻ አልነበረውም። ቤት ውስጥ ያለ ሰርቨር ይጠብቃል፤ መብራቱ ማታ 3 ሰዓት ቢመጣ ትምህርቱ ማታ 3 ሰዓት አለ። ከፕላዝማ የቀረልኝ ሌላ ትዝብትም አለ። መሣሪያው ጥሩ ነበር፤ ሲበላሽ ግን በቅርብ የሚጠግነው ሰው ወይም የሚቀየርለት ዕቃ ካልተገኘ ግድግዳ ላይ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ኮምፒውተር ስመርጥ ይህን አልረሳውም።

እንግዲህ ወደ ዋት እንግባ፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የድሮ ትልቅ ዴስክቶፕ ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ 70 ዋት ቢስብ፣ በ24 ሰዓት 1.7 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ፣ በዓመት ከ600 በላይ ይቆጥራል። 10 ዋት የሚስብ ትንሽ ኮምፒውተር በቀን 240 ዋት-ሰዓት፣ በዓመት 88 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ምጣዱ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ይህ ኮምፒውተር በ12 ቀን አይጨርሰውም። የመብራት ታሪፋችን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት-ሰዓት ዋጋም እየጨመረ የሚሄድ ስለሆነ ልዩነቱ በወር ቢል ላይ ይታያል።

ቢሉ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ባትሪው ነው። መብራት ለ8 ሰዓት ጠፋ እንበል። 70 ዋቱ ዴስክቶፕ 560 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ባትሪ መግዛት ነው። 10 ዋቱ የሚፈልገው 80 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው፤ በአንድ እጅ የሚነሣ 18 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ያሳድረዋል። በሶላርም ያው ነው። ከወምበርማ እስከ ቋሪት መብራት ባልደረሰው የገጠር ቤት አንድ 100 ዋት ፓኔልና መካከለኛ ባትሪ ትንሹን ኮምፒውተር ይይዘዋል፤ ትልቁን ግን በበጋም ቢሆን አይችለውም። ሶላር ሲሰላ በጥር ፀሐይ አይሰላም፤ ጎጃም ውስጥ በነሐሴ ደመና ነው የሚሰላው። ስለዚህ ገና ከመነሻው ትንሽ የሚበላ ማሽን የመረጠ ሰው በባትሪ፣ በፓኔልና በሽቦ ላይ ያተርፋል።

ታዲያ የትኛው ማሽን? የኔ ምርጫ ቢሮዎች ተጠቅመው የሚሸጡት፣ ከወፍራም መጽሐፍ የማይበልጠው ሚኒ ኮምፒውተር ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። ሦስቱም ለድርጅት የተሠሩ ናቸው፤ ዓመታት በርተው እንዲቆዩና በቀላሉ እንዲፈቱ የታሰቡ። ሥራ ሲፈቱ አብዛኞቹ ከ6 እስከ 12 ዋት ይስባሉ። የፕሮሰሰሩ ቁጥር መጨረሻ ላይ "ቲ" ፊደል ያለበት ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ለ35 ዋት የተሠራ ነው፤ ያንን ፈልጉ።

አሁን ደግሞ የሚያመች ጊዜ ነው። ዊንዶውስ 10 በነጻ መታደሱን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን የሆኑ ጤነኛ ማሽኖች በዓለም ዙሪያ ከቢሮ እየወጡ ነው። የቤት ሰርቨራችን ግን በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ ስለሚሠራ ይህ ክልከላ አይመለከተውም፤ ደቢያን የሚባለው ነጻ ሥርዓት በእነዚህ ማሽኖች ላይ ገና ብዙ ዓመት ይሄዳል። ሌላው "አርጅቷል" ብሎ የሚጥለው ለእኛ ሥራ ወጣት ነው።

መርካቶ ሄዶ የሚገዛ ሰው ማሽኑን ሲያይ መጀመሪያ አዳፕተሩን ይገልብጥ። የግቤት ቮልት ከ100 እስከ 240 የሚል መጻፍ አለበት። እንዲህ ያለ አዳፕተር ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሰክቶ ቮልቱ ወደ 160 ቢወርድም ሥራውን ይቀጥላል። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ያለው የድሮ ዴስክቶፕ ግን በዚያ ጊዜ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ይህ ደግሞ ከሙሉ መጥፋት ይብሳል። አዳፕተሩ ከማሽኑ ውጭ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኮረንቲ ቢያቃጥለው የሚለወጠው እሱ ብቻ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣው አዳፕተር ዋናው እንጂ ስሙን ብቻ የለጠፈ ርካሽ ቅጂ አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ራሱ ይናገራል።

ቀጥሎ ክዳኑን አስከፍቱ። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ትንሽ በርሜል የቆሙት ካፓሲተሮች ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጣ ተዉት። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ በጣም ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የታየ የታወቀ በሽታ ነው፤ የውስጡ ፈሳሽ ቅመም ተበላሽቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጠጣር ካፓሲተሮች ይሻላሉ። ፈሳሽ ያለበት ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ትንሽ ዋት የሚበላ ማሽን ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

"ለሰርቨር ተብሎ የተሠራ" የሚለው ስም ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኢንቴል ለትንንሽ ሰርቨሮች የሠራው አቶም ሲ2000 የተባለ ፕሮሰሰር፣ ሰዓት የሚሰጠው ክፍሉ ከ18 ወር በኋላ እየሞተ ማሽኑን ጨርሶ እንዳይነሣ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2017 ታወቀ፤ ውድ የመረጃ ማከማቻዎችና የኔትወርክ መሣሪያዎች ሳይቀሩ ተነኩ። ብዙ ሰው ለዓመታት የተጠቀመበትና ነውሩ ሁሉ የታወቀ ያገለገለ ማሽን፣ ገና ካልተፈተነ አዲስ ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ።

አቅሙ ያላችሁ እንደሆነ አንድ አዲስ ከመግዛት ሁለት አንድ ዓይነት ያገለገሉ ግዙ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ሣጥን ውስጥ መለዋወጫ ሆኖ ይቀመጣል። ቡሬ ላይ የዚያን ሞዴል ማራገቢያ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከሣጥን ማውጣት ግን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ላፕቶፕስ? ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ቤቱ ካለ ገንዘብ አታውጡ፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚተካ ኃይል ነው። ችግሩ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ተሞልቶ የሚውል ባትሪ ማበጡ ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድን የመሰሉ ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ሙላቱ 80 ላይ እንዲቆም ማዘዝ ይፈቅዳሉ፤ ያን አድርጉ። የመዳሰሻው ሰሌዳ ከፍ ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ስለሆነ በዚያው ቀን ይውጣ፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ራስበሪ ፓይ ደግሞ ሥራ ሲፈታ 3 ዋት ገደማ ብቻ ይበቃዋል፤ ለኪዊክስ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ሥርዓቱ በሚሞሪ ካርድ ላይ ስለሚቀመጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ካርዱ ሊጎዳ ይችላል። 4ኛው ሞዴል የራሱ ሰዓት የለውም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሲነሣ ቀኑን ይስታል፣ ፋይሎችም የተሳሳተ ቀን ይዘው ይቀመጣሉ። 5ኛው ሰዓት አለው፤ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። በሚኒ ኮምፒውተሩም ቢሆን ሲአር2032 የምትባለዋን የሳንቲም ባትሪ ስትገዙ ቀይሩ። ርካሽ ናት፤ ስትሞት ግን ማሽኑ መብራት በመጣ ቁጥር ሰዓቱንና ቅንብሩን ይረሳል።

መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው እንዲነሣ ማድረግም የግድ ነው። ማሽኑ ሲበራ በሚገባበት ባዮስ ውስጥ "ኃይል ከተቋረጠ በኋላ ምን ላድርግ" የሚል ምርጫ አለ፤ "ተነሣ" የሚለው ላይ ይደረጋል። ይህ ምርጫ የሌለውን ማሽን ለሰርቨርነት አትግዙ።

አሁን ልቤ የሚፈራበት ቦታ ላይ ደረስኩ፤ መረጃው የሚቀመጥበት። ማሽን ይገዛል፤ የሞተ ሰው ፎቶ አይገዛም።

ለሥርዓቱና ለዕለት ሥራ ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ይሻላል፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ መውደቅና መንቀጥቀጥ ብዙም አይጎዳውም፣ ዋትም ብዙ አይበላም። "ብዙ ሲጻፍበት ያልቃል" ተብሎ መፈራቱ ለቤት ከንቱ ነው። የሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 500 ጊጋባይቱ 300 ቴራባይት ጽሕፈት እንደሚችል አምራቹ አስቀምጧል፤ በቀን 20 ጊጋባይት ብትጽፉበት 15,000 ቀን፣ ማለትም ከ40 ዓመት በላይ ነው። ኤስኤስዲን የሚገድለው በጽሕፈት መሃል የሚቋረጥ ኮረንቲ ነው፤ ለዚህም ነው ባትሪውን ያስቀደምኩት። ሁለተኛው ገዳይ ሐሰተኛ ዕቃ ነው። 2 ቴራባይት የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ውስጡ 64 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽና ኤስኤስዲ በየገበያው አለ፤ ሲገለበጥበት ዝም ብሎ ይቀበልና ቀድሞ የነበረውን ያጠፋል። ኤፍ3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዕቃውን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይለየዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልፈትን የዘመድ ሠርግ አስቀምጬ ግማሹን አጥቻለሁ።

መረጃው ሁለተኛ ቅጂ ካልኖረው የለም ብላችሁ ቁጠሩት። ቅጂው ተሰክቶ የማይውል፣ ከተቻለም ሌላ ቤት የሚቀመጥ ይሁን፤ ሰርቨሩ ፍኖተ ሰላም ከሆነ ቅጂው ቡሬ እህት ቤት። ለዚህ የድሮው ሃርድ ዲስክ ይበልጣል። ኤስኤስዲ ኮረንቲ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ የያዘው ቻርጅ እየፈሰሰ መረጃው ሊሳሳ ይችላል፤ ሃርድ ዲስክ ይህ ችግር የለበትም።

የኮረንቲው መግቢያም እንዲሁ ገንዘብ ይገባዋል። ቀይ መብራት ያለው ዲቫይደር መከላከያ አይደለም፤ ቀዳዳ ማብዣ ነው። እኛ አገር አደገኛው ነገር ቮልት ማነሱ ብቻ አይደለም። ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው የኒውትራል ሽቦ ሲበጠስ ወይም ሲላላ አንዳንዱ ቤት 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ በአንድ ቀን የሰፈር ቴሌቪዥን ሁሉ ተቃጠለ የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። አዳፕተሩ ዝቅታውን ይችላል፣ ይህን ግን አይችልም። ስለዚህ ለማቀዝቀዣ የሚሸጠውን፣ ቮልት ሲያንስም ሲበዛም ቆርጦ መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀውን መከላከያ ከፊት አድርጉ።

የተለመደውን የቢሮ ዩፒኤስ ግን ብዙም አልመክርም። ውስጡ ያለው 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ትንሽ ነው፤ 12 ቮልቱን ወደ 220 ከፍ ሲያደርግ፣ አዳፕተሩ ደግሞ መልሶ ወደ 19 ሲያወርደው፣ ኮምፒውተሩ የሚበላውን የሚጠጋ ኃይል በመንገድ ላይ ሊባክን ይችላል። የሚሻለው ባትሪውን በቻርጀር እየሞሉ ከባትሪው በቀጥታ መውሰድ ነው። ለመኪና የሚሸጠው የላፕቶፕ ቻርጀር 12 ቮልቱን ወደ 19 ያወጣል፤ ቮልቱና ሶኬቱ ከማሽኑ ጋር ከገጠመ ሥራው አለቀ። በባትሪው ራስ ላይ ፊውዝ ማስገባት አይዘለል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ከ2,000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ይራገፋል፣ ከግማሽ በታች መውረድም አይጎዳውም። መብራት በየቀኑ ለሚሄድበት ቤት በመጨረሻ እሱ ይረክሳል።

መብረቅን ግን ምንም መከላከያ አያቆመውም። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሶኬቱን መንቀል ነው፤ ማሽኑ በባትሪው ይቀጥላል። ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ የተዘረጋ የኔትወርክ ሽቦ መብረቅ ይዞ ስለሚገባ በግቢው ውስጥ ዋይፋይ ይበቃል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያው የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል፤ ደግነቱ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። የሚያሠጋው አቧራ ነው። በርበሬ በግቢው ተሰጥቶ በሚደርቅበት፣ ጤፍ በሚወቃበት ወራት ማራገቢያው ሁሉንም ይስባል። የማድቤት ጭስ ደግሞ አቧራውን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ከማድቤት ርቆ፣ ከወለል ከፍ ብሎ፣ አይጥ ሽቦውን የማትደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ተከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። እናቶቻችን ለውድ ዕቃ ዳንቴል ያለብሳሉ። ፍቅር ነው፤ ለሚሠራ ኮምፒውተር ግን መታፈን ነው። ዳንቴሉ ከሥሩ ይነጠፍ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ያቆመው ልጅ አዲስ አበባ ሲሄድ ቤት የቀሩት ምን እንደሚነኩ አያውቁም፣ ስለሚፈሩትም አይነኩትም። በእናቴ ቤት ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለታናሽ እህቴ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል፦ "አረንጓዴው መብራት ካልበራ መጀመሪያ መከላከያው ላይ ያለውን ቁጥር እዪ። ከ250 በላይ ከሆነ ምንም አትንኪ፣ ደውዪልኝ። 220 አካባቢ ከሆነ የአዳፕተሩን ገመድ ነቅለሽ እስከ 30 ቁጠሪና መልሺው። ባትሪው የተገዛው በመስከረም 2017 ነው። ቅጂው ቡሬ ነው፤ አትደንግጪ።"